"አየሁ" ልበል ወይስ "ታየኝ"?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። አባቴ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። ለቀብሩ አልደረስኩም።

ካረፈ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ አንድ ጠዋት ከሥራ ገብቼ በጀርባዬ ጋደም አልኩ። ከዚያ ነቃሁ። ዓይኔ ተከፍቷል፤ መጋረጃው ይታየኛል። ግን እጄም እግሬም አልታዘዝ አሉኝ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጫነኝ። ልጮኽ ብል ድምፅ የለኝም። በሩ ጋ ሰው ቆሟል። ይሄ ነገር እስካሁን ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። በሌላ ቀን ደግሞ፣ ይሄኛው ለየት ይላል፣ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብዬ ልብስ ሳጣጥፍ አባቴ ሲስል ሰማሁ። አንዴ ብቻ። የሱን ሳል ከሺህ ሳል መሃል እለየዋለሁ። አልፈራሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ሳሉን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። "እሰይ፣ ሊጠይቅሽ መጥቶ ነው" አለችኝ። የተጫነኝን ደግሞ አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች ነገርኩ። እነሱም እንደኔ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አንዷ "ጂን ነው" አለች፤ ሌላዋ ሳቀች። ለሥራ ባልደረባዬ በእረፍት ሰዓት ሁለቱንም ቀላቅዬ ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። "ለመሆኑ የአእምሮ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቅጽ ሙይ አሉኝ። አንዱ ጥያቄ ሌሎች የማያዩትን ነገር አይተው ወይም የማይሰሙትን ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ ወይ ይላል። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። መጨረሻ ላይ "የለም" ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋሸሁ ይመስለኛል። "አዎ" ብል ደግሞ እብድ ነች ይሉኛል። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለኝ። ምን ልበላቸው? ትክክል ማን ነው፣ እናቴ ወይስ ባልደረባዬ? አንቺ ብላችሁ ብትጽፉልኝ ይቀለኛል።

ሳሉን የሰማሁት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። አንቺ በሉኝ ካልሽ ደግሞ እሺ።

አልዋሸሽም። ያ ቅጽ በጥቂት ሰከንድ አንብበሽ ምልክት አድርገሽ እንድታልፊ የተሠራ ነው። አንቺ ግን በዚያች አንዲት ሳጥን ውስጥ የአባትሽን ሳል፣ በሩ ጋ የቆመውን ሰው፣ የእናትሽን "እሰይ" እና የባልደረባሽን ፊት መክተት ነበረብሽ። አይገባማ። እጅሽ ወደ "የለም" ቢሄድ አይገርመኝም።

ጥያቄው ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1894 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ ውስጥ ሄንሪ ሲጅዊክ በሚባል ፈላስፋ የሚመራ ቡድን የ17,000 ሰዎችን መልስ ሰብስቦ አሳተመ። ጥያቄው ከአንቺው ቅጽ ብዙም አይርቅም፤ በደንብ ነቅተው ሳሉ፣ ውጫዊ ምክንያት ያላገኙለት ነገር አይተው፣ ነክቷቸው ወይም ድምፅ ሰምተው እንደሆነ ነው የተጠየቁት። ከአሥሩ አንዱ ገደማ "አዎ" አለ። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ተለቅመው የመጡ አልነበሩም። የየዕለት ኑሯቸውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እና "አዎ" የምትለዋ ሳጥን አንቺ እንደምትፈሪው ባዶ አይደለችም። ሰው አለባት።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንዳንቺ "እናት ወይስ ባልደረባ?" እያልኩ ነበር። ሁለተኛው ላይ ነው አንድ ነገር የያዘኝ። ለእናትሽ ሳሉን ብቻ ነገርሻት። ለቤት ጓደኞችሽ የተጫነሽን ብቻ። ለባልደረባሽ ሁለቱንም አቀላቅለሽ። ሦስቱም የሰሙት ታሪክ አንድ አይደለም! እናትሽ ስለ በሩ ሰውዬ የምታውቀው ነገር የለም። የሣቀችው ልጅ አባትሽ መሞቱ ከነገሩ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አልሰማችም። ማን ትክክል ነው ብለሽ የምታወዳድሪያቸው ሰዎች የተለያየ ጥያቄ የመለሱ ሰዎች ናቸው።

ይሄ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው። ሰሚውን አይተን ነው የምንቆርሰው። እናት ዘንድ ሳል ይነገራል፤ ፍርሃቱ ይደበቃል፣ ትጨነቃለቻ። ችግሩ የሚመጣው ቁራሾቹን መልሰን ስንገጥም ነው። ስለዚህ እስቲ እኔ ዘንድ ለየብቻ እናስቀምጣቸው።

የተጫነሽ ነገር ስም አለው። በኛ ቋንቋ ዱካክ ነው። ይሄን ቃል ሰምተሽው ይሆናል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አልጻፍሽውም። አፍረሽ ነው መሰለኝ። ሐኪሞች ስሊፕ ፓራሊሲስ ይሉታል። አሠራሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። ሕልም በብዛት የምናይበት፣ ሬም የሚባል የእንቅልፍ ክፍል አለ። በዚያ ሰዓት አንጎል የሰውነትን ጡንቻ ይቆልፈዋል፤ ሕልማችንን ተነስተን እንዳንተገብረው። ዓይንና መተንፈሻ ብቻ ሳይቆለፉ ይቀራሉ። አንዳንዴ ታዲያ ቁልፉ ሳይከፈት ሰውየው ይነቃል። ክፍሉን ያያል፣ መጋረጃውን ያያል፣ ግን ሕልሙም ገና አላለቀም። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። መተንፈሻው በራሱ ጊዜ ይሠራል እንጂ አንቺ "በረጅሙ ልሳብ" ብትይው አይታዘዝሽም። ደረት ላይ የተጫነ ነገር ያለ የሚመስለው በዚህ ነው። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ይለቃል።

የማታ ፈረቃ፣ የተዛባ እንቅልፍ፣ በጀርባ መተኛት። ነገሩን ከሚጠሩት ውስጥ ሦስቱን አንቺው ራስሽ ጽፈሽልኛል። ሐዘኑን ሳልጨምር ነው።

ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? በ2011 ብራያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር የሚባሉ ተመራማሪዎች 35 ጥናቶችን፣ ከ36,000 በላይ ሰዎችን ደምረው ነበር። ከጠቅላላው ሕዝብ 8 በመቶ ገደማ፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንዴ ደርሶበታል። ግን እነዚህን ቁጥሮች አትመኛቸው። ጥሩ ምክንያት አለኝ።

ጃፓኖች ለዚህ ነገር "ካናሺባሪ" የሚል ቃል አላቸው፤ በብረት መታሰር እንደማለት ነው። ካዙሂኮ ፉኩዳ የሚባል ተመራማሪ በ1993 ባወጣው ጥናት ያንኑ ጥያቄ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ለተለያዩ ተማሪዎች ሰጠ። "ጊዜያዊ ሽባነት" ብሎ ሲጠይቅ 26 በመቶው "ደርሶብኛል" አለ። ስም ሳይሰጥ "እንዲህ ያለ ሁኔታ" ብሎ ሲጠይቅ 31 በመቶው። "ካናሺባሪ" ሲላቸው ግን 39 በመቶው። አገሩ አንድ፣ ነገሩ አንድ፣ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ "ዱካክ ተጭኖዎት ያውቃል?" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እስክሪብቶሽ ይቆም ነበር?

ከዚያ በኋላ በ1998 ፉኩዳና ባልደረቦቹ የጃፓንና የካናዳ ተማሪዎችን አወዳደሩ። የደረሰባቸው ሰዎች ብዛት ይቀራረባል። ልዩነቱ አጠራሩ ላይ ነው፤ ከካናዳውያኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት "ሕልም ቢጤ ነው" አሉት። ከጃፓኖቹ ሕልም ያሉት ጥቂቶች ነበሩ። ሕልም ካልሽው ደግሞ ማን ያወራዋል? ፊትሽን ታጥበሽ ትወጫለሽ። ስለዚህ አንድ ሕዝብ "ብዙ ነገር ይታየዋል"፣ ሌላው "ምንም አይታየውም" ሲባል ብሰማ፣ በቅድሚያ የምጠይቀው ምን ብለው ጠየቋቸው የሚለውን ነው።

ይሄን የማውቀው ከወረቀት ብቻ አይደለም። እኔንም ተጭኖኛል። ተማሪ ሳለሁ፣ የፈተና ሰሞን፣ ደብተሩን ደረቴ ላይ ጥዬ በጀርባዬ ተኝቼ። ጥቁር ነገር እግሬ ሥር ቁጢጥ ብሏል። እንደለቀቀኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ዱካክ!" ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከኔ ሌላ ባህል ውስጥ ያደገች ናት። "አይ፣ ያ ሕልም ነው፣ እኔም ይመጣብኛል፤ ዞረሽ ተኚ" አለችና ራሷ ዞራ ተኛች። እሷ ስሙን ስለማታውቀው እንቅልፏን ለጠጠች። እኔ ስሙን ስለማውቀው ሳምንት ሙሉ መብራት አላጠፋሁም።

ባላንድ ጃላልና ዴቨን ሂንተን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ያሳተሙት ጥናት ይሄንኑ በሌላ መልክ ያሳያል። ግብፅና ዴንማርክ ውስጥ ይሄ ነገር የደረሰባቸውን ሰዎች ጠየቁ። ከግብፆቹ ግማሽ ያህሉ "ልሞት ነው ብዬ ነበር" አሉ። ከዴንማርኮቹ እንዲህ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። በግብፅ ብዙ ሰው ነገሩን ጂን ነው ብሎ ያምናል። እንግዲህ "ጂን ነው" ያለችሽ ልጅ ክፋት የላትም፤ የምታውቀውን ስም ነው የሰጠችሽ። ግን ያ ስም ፍርሃቱን አብሮ ይዞት ነው የሚመጣው። ፍርሃቱ እንቅልፍ ያዛባል፣ የተዛባው እንቅልፍ ደግሞ ነገሩን መልሶ ይጠራዋል።

ተቃራኒውም አለ። ስም አለመኖሩም ይጎዳል። ዴቪድ ሃፈርድ የሚባል አሜሪካዊ በ1963 ተማሪ ሳለ በሩ ሲከፈት ሰማ፣ የሚመጣ ኮቴ ሰማ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ደረቱ ላይ ወጣበት። ስለዚህ ጉዳይ ሰምቶ አያውቅም ነበር። በሆዱ ይዞት ቆየ። ከዓመታት በኋላ ለጥናት ኒውፋውንድላንድ ወደምትባል የካናዳ ደሴት ሄዶ የደሴቱ ሰዎች "አሮጊቷ መጣችብኝ" እያሉ ሲያወሩ ሰማ። የሚያወሩት የሱን ሌሊት ነው! ቀድሞ ምሁራን የሚያስቡት ሰው ተረቱን ሰምቶ ነው የሚታየው ብለው ነበር። ሃፈርድ ግን ተረቱን ሳይሰማ ነው የታየው። በ1982 ባሳተመው መጽሐፉ ይሄን ነገር አንስቶ ሞገተ። ደርሶብን ነው የምናወራው፤ ባህል የሚሰጠን ስሙን፣ ፊቱንና ማን ፊት መናገር እንደሚቻል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቃሉ በስህተት ይወለድና ራሱን ይችላል። ኬኔት አርኖልድ የሚባል አብራሪ በጁን 24 ቀን 1947 አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ ነገሮች ሲበሩ አየሁ አለ። አበራረራቸውን ሲያስረዳ፣ የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ውኃ ላይ ሲወረወር እንደሚነጥረው ነው አለ። ስለ እንቅስቃሴው ነው የተናገረው። ጋዜጦቹ "በራሪ ሰሃን" ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሰማይ ላይ ክብ ሰሃን ማየት ጀመረ። እኔ ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ ግን ሳስበው ለሐኪም ታሪክሽን የሚተረጉምልሽ ሰውም እንዲሁ አንዲት ቃል ሊስት ይችላል።

ይሄ ወደ ቋንቋችን ይወስደኛል። ደብዳቤሽ ላይ "ተጫነኝ" ብለሻል። አማርኛ ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚለው፤ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ። "ራበኝ" ስትይ የራበሽ ማነው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ሌላ ቋንቋ ውስጥ ግን ግሡ ባለቤት ይፈልጋል። ማን ተጫነሽ? አስተርጓሚው ከራሱ "አንድ ሰው" ወይም "አንድ መንፈስ" ብሎ ይጨምራል፤ ሐኪሙም ያንን ይጽፋል። አንቺ ያላልሽው ሰው ፋይልሽ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ ማለት ነው።

ደግሞ "አየሁ" እና "ታየኝ" አለን። "ሰው አየሁ" ካልሽ ሰው ነበረ። "ሰው ታየኝ" ካልሽ ነገሩ ወዳንቺ መጣ እንጂ መኖሩን አልመሰከርሽም። ቱርኮች በዓይናቸው ያላዩትንና የሰሙትን ሲናገሩ ግሡ ጫፍ ላይ "ሚሽ" የምትል ነገር ይቀጥላሉ። እኛ ደግሞ "አሉ" እንላለን፤ "መጣ አሉ"። እነዚህ ትንንሽ ቃላት የተናጋሪውን ጥንቃቄ ይዘዋል። ሲተረጎሙ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ለባልደረባሽ በሷ ቋንቋ ስትነግሪያት "ታየኝ" የሚለውን ይዘሽ ሄደሻል? እኔ እንጃ። "ሰው አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ" ብለሻት ከሆነ ፊቷ ቢለወጥ አልፈርድባትም።

እንዲያውም ስለሷ ትንሽ ልከራከርላት። በሷ ባህል ድምፅ መስማት የሚባለው ነገር ከአንድ በር ብቻ ነው የሚገባው፤ ከሕመም። ታንያ ሉርማን የተባለች አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር በ2015 ያወጣችው ጥናት አለ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 60 ሰዎች አነጋገሩ፤ 20 ከአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ 20 ከጋናዋ አክራ፣ 20 ከሕንዷ ቼናይ። ሕመሙ አንድ ነው። አሜሪካውያኑ የሚሰሙት ድምፅ የማያውቁት ሰው፣ የሚሳደብ፣ ስለ ጭካኔ የሚያወራ ነው፤ የአንጎላቸው ብልሽት አድርገው ነው የሚያዩት። አክራ ላይ ብዙዎቹ እግዚአብሔር ያናግረኛል አሉ። ቼናይ ላይ ከግማሽ በላዩ የቤተሰብ ድምፅ ነው የሚሰሙት፤ ሥራ የምታዝ ዘመድ፣ የምትቆጣ ዘመድ። ይሄን ያመጣሁት አንቺ ታመሻል ለማለት አይደለም። ባልደረባሽ ያደገችበት ቦታ "ድምፅ" ሲባል የሚታያት የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ መሆኑን እንድታውቂላት ነው። ደንግጣ ነው የጠየቀችሽ። ደንግጦ የሚጠይቅ ባልደረባ ከሚስቅ ይሻላል፤ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

አሁን ወደ ሳሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ የወደድኩት ይሄን ነው።

በ1971 ደዊ ሪስ የሚባል የዌልስ የመንደር ሐኪም 293 የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ጠየቀ። ግማሽ ሊሞሉ ምንም ያልቀራቸው፣ 47 በመቶ ገደማ፣ ሟቹ አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸው፣ ወይም አይተውት፣ ወይም ድምፁን ሰምተው ያውቃሉ። አብዛኞቹ አልፈሩም፤ አጽናንቶናል ነው ያሉት። ከነዚህ ሰዎች ግን ከሪስ በፊት ለሌላ ሰው ያወሩት 28 በመቶው ብቻ ነበሩ። ዝም ያሉት ይበልጣሉ። ሐኪሙ ባይጠይቃቸው ይዘውት ይቀበሩ ነበር።

ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ጆ ያማሞቶና ባልደረቦቹ ቶኪዮ ውስጥ ባሎቻቸውን በመኪና አደጋ ያጡ 20 ሴቶችን አነጋግረው ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ ባሌ አለ፣ ይሰማኛል አሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ለሟች የሚሆን ትንሽ መቅደስ ይቀመጣል፤ ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ ዕጣን ያጨሳል፣ ያወራዋል። ማንም "ምነው?" አይላቸውም። የዌልሶቹ በጓዳ የያዙትን የቶኪዮዎቹ በሳሎን ያወሩታል።

ሐኪሞቹም ይሄን ያውቃሉ። በ1994 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እንኳ ሐዘንተኛ የሟቹን ድምፅ የሰማ ቢመስለው፣ መልኩ ውልብ ቢልበት፣ ከሐዘን የተለየ ከባድ ችግር ምልክት አድርጋችሁ አትቁጠሩት ይላል። አንዲት ሳል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ ስታጣጥፊ። ደስ አለሽ፣ አለቀስሽ። እኔ እዚህ ውስጥ የሚያስደነግጠኝ ነገር አላገኘሁም።

አባትሽ ነው ወይስ ጆሮሽ? ለዚህ መልስ የለኝም፤ አለኝ ብልሽ ነው መዋሸት የሚሆነው። እናትሽ የምታምነውን አምና ነው የነገረችሽ። ሐኪሙም ቢሆን ያንን ሊፈርድ አይደለም የተቀመጠው።

እንግዲህ ቀጠሮው። ስትገቢ ገና "ያለፈው ጊዜ ቅጹ ላይ አንዱን ጥያቄ በደንብ አልመለስኩትም፣ ላስተካክለው" በይ። ይሄን ብቻ። ማብራሪያ፣ ይቅርታ፣ ምናምን አያስፈልግም። ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ ንገሪያቸው። ስም ሳትሰጪ፣ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል። "ከማታ ሥራ ገብቼ በጀርባዬ ስተኛ፣ ስነቃ መንቀሳቀስ ያቅተኛል፤ ደረቴ ይከብደኛል፤ በሩ ጋ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል፤ ሦስት ጊዜ ሆኗል።" ከዚያ ቆም በይ። ይጠይቁሽ። ከዚያ ደግሞ "ሌላ ነገር አለ፣ ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም፤ አባቴ ሞቷል፤ አንድ ቀን ነቅቼ ሳለሁ ሲስል የሰማሁ መሰለኝ" በይ። ስሙን መጨረሻ ላይ አምጪው፤ "በቋንቋችን ለመጀመሪያው ነገር ስም አለው፣ ብዙ ሰው ያውቀዋል።"

ያው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2013 በወጣው እትሙ ባለ 16 ጥያቄ የባህል ቃለ መጠይቅ አለው። አንዱ ጥያቄ ይሄን ችግርህን ለቤተሰብህ ወይም ለወዳጆችህ ብትነግር ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ የሚል ነው። ሐኪምሽ ካልጠየቀሽ ራስሽ አንሺው። አስተርጓሚ ካለ ቀድመሽ ያዢውና "ያልኩትን ብቻ ተርጉምልኝ፣ ተጫነኝ ስል ሰው ተጫነኝ ማለቴ አይደለም" በይው።

አንዳንድ ነገር ካለ ግን ቀጠሮውን አትጠብቂ። ድምፁ የሚያዝሽ ከሆነ፣ የሚሰድብሽ ከሆነ፣ ራስሽን ጉጂ የሚል ከሆነ፣ ሰዎች ሊጎዱኝ ይከታተሉኛል ማለት ከጀመርሽ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ቀን ቀን ሳታስቢው እንቅልፍ ጥሎሽ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ስትስቂ ጉልበትሽ የሚከዳሽ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ መንገር እንዳትረሺ፤ ናርኮሌፕሲ የሚባል ሕመም እንዲህ ያደርጋል፣ መድኃኒትም አለው። ደብዳቤሽ ላይ ከነዚህ አንዱንም አላየሁም። ብጠይቅ አይከፋም ብዬ ነው።

እስከዚያው በጎንሽ ተኚ። የእረፍት ቀንሽም ቢሆን ሰዓቱን አታዛቢ። ደግሞ ሲይዝሽ ሙሉ ሰውነትሽን ለማንሳት አትታገይ፤ የእግርሽን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ። በእኔ ይሠራል። የበሩን ሰውዬ ደግሞ ተወት አድርጊው፣ ይቁም። ያቺ "ጂን ነው" ያለችሽ ልጅ እሷንም ተጭኗት ያውቅ እንደሆነ ጠይቂያት እስቲ፤ እንዲያ ፈጥና ስሙን የጠራችው አውቃው ይሆናል።

ስለ ፈጥኖ መመለስ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ከሁለተኛው ንባብ ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል። እናትሽ ሳሉን ስትነግሪያት አልደነገጠችም። "እርግጠኛ ነሽ?" አላለችም። "እሰይ" ነው ያለችው፣ ወዲያው። ባሏ ነው የሞተው። ሪስ ቤት ለቤት የጠየቃቸው ሰዎች እንደ እናትሽ ያሉ ናቸው፤ ሟቹ ከተሰማቸው ውስጥ ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ እስኪጠየቁ ለማንም አልተናገሩም። አንቺ ሩቅ አገር ብቻሽን ስለሆንሽ እሷ አንቺን ታጽናና ነበር እንጂ ስለራሷ ቃል አልተነፈሰችም። በዚህ ሳምንት ስትደውዪላት የአንቺን ጉዳይ ተይውና "እማዬ፣ አንቺስ ትሰሚዋለሽ?" ብለሽ ጠይቂያት።